ወይዘሮ ዘይነብና በሁዳዴ የተሰናዳው የፋሲካ ገበታ

ወይዘሮ ዘይነብ ይማም ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ የንጋቱን ሶላት ከሰገዱ በኋላ፣ በልጃቸው ቤት ዐርፈዋል። በሃይማኖታቸው ሥርዓት መሠረት ቀብራቸው በዚያው ዕለት ስለ ተፈጸመ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። ከልደታ ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው የተበተናችሁ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ለምን አልተነገረንም ብላችሁ በስልክ ወቅሳችሁኛል። ወቀሳችሁ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ እኔም ስደርስ ቃሬዛው ከደጅ ወጥቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ለቀብራቸው ላልደረሳችሁት ነው። ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር ከነበረው የአቶ ወልዴ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካ ወይም የዒድ ካርድ ገዝታችሁ፣ ሥዕሉን ማን እንዳሰናዳው ሳታውቁ ለምትወዱት ሰው ለላካችሁም ጭምር ነው።

ወይዘሮ ዘይነብ የተወለዱት ወሎ፣ ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በመምህርነት ሠልጥነው ባልትና ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በትዳር ወደ አዲስ አበባ መጡና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ገቡ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩአቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ለማሳደግ አቶ ወልዴ ዘንድ ተቀጠሩ። ሥራቸው በመጀመሪያ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ነበር። አቶ ወልዴ በጓዳቸው ባለች አነስተኛ ማሽን ያሳተሟቸው የገና ካርዶች አንድ ሰሌዳ ላይ በስፒል ተወግተው ፀሐይ ሲያነጣቸው ወይዘሮ ዘይነብ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ማንንም ሳያስፈቅዱ ነቀሏቸው። ከጎረቤት ልጅ የገና ዱላ ተውሰው በመደብሩ የማሳያ መስታወት ውስጥ አጋደሙና ካርዶቹን በዱላው ላይ አስደገፏቸው። አቶ ወልዴ በመጀመሪያ ተቆጥተው እንደ ነበር፣ ካርዶቹ ግን በዓሉ ሳይደርስ እንዳለቁ ራሳቸው አጫውተውኛል። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዘይነብ ወደ ባንኮኒው አልተመለሱም።

የተሰጣቸውን ሥራ የማተሚያ ቤት ሰዎች «ሳምፕል» ይሉታል፤ እኔ ናሙና እለዋለሁ። ካርዱ፣ ፖስታው፣ የቀን መቁጠሪያው ወይም የስጦታ መጠቅለያው ገና ሳይታተም አንድ ቅጂ በእጅ ይሠራል። ቅጂው የበዓሉ ዕቃዎች በተደረደሩበት ገበታ ላይ ተቀምጦ ፎቶግራፍ ይነሣል። ደንበኛው ፎቶግራፉንና ቅጂውን አይቶ ያዝዛል፤ የታዘዘው ያህል ይታተማል። እንግዲህ ናሙናው ከበዓሉ ወራት ቀድሞ መድረስ አለበት። በዚያች ጓዳ እንቁጣጣሽ የሚውለው በሰኔ ነበር፤ ገና በመስከረም፣ ፋሲካ በጥር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በመስኮቱ ሥር ለምለም ሣር ጎዝጉዘው ያገኘኋቸው ዕለት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «ጋሼ፣ ጫማዎን ይጥረጉ እንጂ፤ እዚህ ክረምቱ ወጥቷል» አሉኝ።

የእኔ ድርሻ ቃላቱ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ተምሬ በእርማት ሥራ ያረጀሁ ሰው ስለሆንሁ፣ አቶ ወልዴ በካርዱ ላይ የሚወጣውን የመልካም ምኞት ቃል እንዳስተካክል ይጠሩኝ ነበር። ከወይዘሮ ዘይነብ ጋር የተዋወቅነው በክርክር ነው፤ ወዳጅነታችንም ከዚያ አልፎ ብዙ አልሄደም፤ መሄድም አላስፈለገውም። በሰኔ አደይ አበባ የለም። የፕላስቲክ አበባ መርካቶ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ዐይናቸው አይቀበለውም። ባለፈው መስከረም ቀጥፈው በመጽሐፍ መሐል ያደረቁትን አበባ እያዩ፣ በዚያ ልክ ቢጫ ወረቀት ቆርጠው አበባውን ይሠራሉ። አንድ ዓመት ግንዱ ወፍሯል ብዬ ተከራከርኋቸው፤ አልተቀበሉኝም። በመስከረም መጨረሻ አንድ እፍኝ አደይ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሚቀጥለው ሰኔ የሠሩትን ሳይ ግንዱ ቀጥኗል።

ለናሙናቸው አዲስ ዕቃ አይጠቀሙም ነበር። «አዲስ ዕቃ በዓል አላየም፤ አያውቅበትም» ይላሉ። ስለዚህ መሶቡን ከአንዱ ቤት፣ ሸማውን ከሌላው፣ የእንጨት ገበታውን ከሦስተኛው ይዋሳሉ። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ዕቃው በወይዘሮ ዘይነብ ፎቶግራፍ ላይ ያልወጣለት ቤት ቢኖር ጥቂት ነው። ሲመልሱም ባዶውን አይመልሱም፤ በመሶቡ ውስጥ ለቤቱ ልጆች ደብተር፣ እርሳስ ወይም ከተቆረጠ ወረቀት የተረፈ ባለቀለም ቁራጭ ይጨምሩበታል። በክፍሉ ወረቀት የምትቆርጠውና የምትጠርዘው ጥሩነሽ አንድ ቀን እየሳቀች፣ «እትዬ ዘይነብ ከጎረቤት ያልተዋሱት ባል ብቻ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም መቀሱን ሳያስቀምጡ፣ «ሳይጎዳ ይመለሳል የሚል ዋስ ከጠራሽልኝ አስብበታለሁ» አሏት። ልጆቻቸው ይህን በመጻፌ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ፤ እናታቸው ራሳቸው እያነሡ ይስቁበት ነበር።

የዒድ ካርድ ከሁሉ ያስቸግራቸው ነበር፤ ከሁሉም ይወዱት ነበር። በዓሉ በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ አንድ ጊዜ በፀሐይ ይውላል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በዝናብ። አቶ ወልዴ የአምናውን ፎቶግራፍ መልሰን እንጠቀምበት ሲሉ፣ እሳቸው በአምናው ሥዕል ጀርባ የሚታየው ሜዳ ደርቆ እንደ ነበር፣ ዘንድሮ ግን በዚያ ሰሞን ሜዳው ለምለም እንደሚሆን አስረድተው፣ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምሩታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አቶ ወልዴ ያውቁት ነበርና ምስጢር አወጣህ አልባልም። የሠርግ ካርድ ናሙና የሙሽራና የሙሽሪት ስም ያስፈልገዋል። ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ከአእምሯቸው ስም ፈጥረው ይጽፋሉ። እኔ በአንድ የጥር ወር ናሙናውን ለእርማት ተቀብዬ ሳነብ፣ የተጻፈው ቀን በእርግጥ እሑድ የሚውል፣ ድንኳኑ የሚተከልበትም ሰፈር የታወቀ መሆኑን አየሁ። ናሙና ለምን እውነተኛ ቀንና ቦታ እንዳስፈለገው ጠየቅኋቸው። «የሌለ ሰው ሠርግ ላይ ማን ይመጣል ጋሼ?» ብለው አለፉኝ። ነገሩን የነገረችኝ ጥሩነሽ ናት። ለካ በየዓመቱ ከሰፈሩ ልጆች ካርድ ለማሳተም ዐቅም የሌላቸውን ሙሽሮች ፈልገው ስማቸውን በናሙናው ላይ ያወጣሉ፤ የሠርግ ካርድ የወርቅ ቀለም በእጅ ስለማይሆን ናሙናው በማሽን ይወጣል፤ ማሽኑ ለእሱ ከተነሣ ደግሞ ለእንግዶቻቸው የሚበቃውን ያህል አብሮ ይታተማል። ሙሽሮቹ ከሚከበረው ሰው እኩል በወርቅ ቀለም የተጻፈ ካርድ ይዘው ዘመድ ይጠራሉ። አቶ ወልዴ በእነዚያ ቀናት ወደ ጓዳ አይገቡም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት የካርድ ገበያው ተዳከመ። ከውጭ የሚገቡ የሚያብረቀርቁ ካርዶች መደርደሪያውን ያዙት፤ ሰውም በስልክ እንኳን አደረሰህ መባባል ጀመረ። አቶ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ነጋዴ ነበሩ። ጾሙ እንደ ገባ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ የካርድ ክፍሉ ራሱን ካልቻለ ከፋሲካ ማግሥት ማሽኑን ሸጠው ክፍሉን እንደሚዘጉት ተናገሩ። በክፍሉ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወይዘሮ ዘይነብ፣ ጥሩነሽ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሸምሱ። ሸምሱ የትም ሠርግ እያነሣ ይኖራል። ወይዘሮ ዘይነብም ትልቋ ልጃቸው ሥራ ይዛ ነበር። ጥሩነሽ ግን ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን ከዚያች ክፍል በምታገኘው ታሳድግ ነበርና፣ ያን ዕለት ወረቀት ስትቆርጥ መስመር መሳቷን አየሁ። ከዚህ ቀደም ስትስት አይቻት አላውቅም።

በሳምንቱ አንድ ትልቅ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚልከው የፋሲካ ካርድ ፈለገ። የቀድሞ አታሚያቸው ስላሳዘናቸው ዘግይተው ነበር የመጡት። የፈለጉት በካርዱ ፊት የኢትዮጵያ ቤት የፋሲካ ገበታ በፎቶግራፍ እንዲወጣ ነው፤ ዶሮ ወጡ፣ እንቁላሉ፣ ድፎ ዳቦው ሁሉ። ናሙናውን አይተው ከወደዱት ትእዛዙ ክፍሉን ለዓመት ያኖረዋል። ችግሩ ወሩ ነበር። ሌላ ጊዜ የፋሲካ ናሙና በጥር ስለሚሠራ ጥሩነሽ ዶሮውን በቤቷ ትሠራው ነበር። አሁን ግን ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ ዶሮ የሚያርድ ክርስቲያን ከየት ይመጣል?

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳርም የሰማሁትን ልንገራችሁ። አቶ ወልዴ ዶሮ ገዝተን ሸምሱ ይረደው፣ ይሠራ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ከዚያም ይጣል አሉ። ሸምሱ ለማረድ እንደማይቸግረው፣ ሆኖም በእሱ እጅ የታረደ ዶሮ ፋሲካ ላይ መቅረቡን የሰፈሩ ሰው ቢሰማ ካርዱን የሚገዛ እንደማይገኝ ተናገረ። ጥሩነሽ አንገቷን ደፍታ፣ በጾም ዶሮ በእጇ እንደማትነካ፣ ሥራዋን ብታጣም እንደማትነካ በዝግታ ነገረቻቸው።

አቶ ወልዴ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ፎቶ ሃይማኖት የለውም» አሉ።

«ፎቶውስ የለውም» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። «ካርዱን ተቀብላ የምትስመው እናት ግን አላት።»

«እንግዲያው ምን ላድርግ? ባዶ ሳህን ላንሣ?»

ወይዘሮ ዘይነብ ወደ ጥሩነሽ ዞረው የዕለቱን ጾም ስትፈታ ምን እንደምትበላ ጠየቋት። ጥሩነሽ ግራ እየገባት ሽምብራ ዓሣ ሠርታ እንደ መጣች ነገረቻቸው። ታውቁታላችሁ፤ የሽምብራ ዱቄት በዘይት ታሽቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ በቁሌት ውስጥ የሚገባው የጾም ምግብ ነው። ወይዘሮ ዘይነብ ባልትና በሚያስተምሩበት ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩት ነበር።

«የሽምብራ ዓሣ ካለ፣ የሽምብራ ዶሮ የማይኖረው ለምንድን ነው?» አሉ።

ሥራው የተሠራው ጠመንጃ ያዥ፣ በወይዘሮ ዘይነብ ማድ ቤት ነው። ሽንኩርቱን አብስሎ ቁሌቱን የማቅላት ሥራ የጥሩነሽ ሆነ፤ በዘይት እንጂ በቅቤ አይደለም፤ ሆኖም እንደ ቅቤ እንዲያንጸባርቅ ከእሳቱ አውጥታ መልሳ እያስገባች ደከመችበት። ወይዘሮ ዘይነብ ሊጡን በቢላ ጫፍ ቅርጽ አወጡለት። እኔ የተጠራሁት እንዳርም ነው። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት መሆኑን፣ የፋሲካ ዕለት ካርዱን የምታየው የቤት እመቤት አንድ በአንድ እንደምትቆጥረው፣ አንዱ ቢጎድል የሚያፍረው ማተሚያ ቤቱ እንደሆነ አሳሰብሁ። «እንኳን መጡ፤ ይቁጠሩልን» አሉኝና በርጩማ ሰጡኝ። ታፋው ተዋጣላቸው። ክንፉም እንዲሁ። በፈረሰኛው ላይ ግን ሁለቱ ባለሙያዎች ተጣሉ። ጥሩነሽ ጎብጧል አለች፤ ወይዘሮ ዘይነብ፣ «ዶሮው በዕድሜ የገፋ ነው፤ ተዪው» አሉ። ሦስት ጊዜ ያህል ፈርሶ ተሠራ። ለታፋው አጥንት ነጭ ካርቶን በቀጭኑ ጠቅልለው ሰኩበት። ለእንቁላል ድንች መረጡ፤ በእንቁላል ልክ ልጠው፣ ጎን ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው፣ ዘይት ቀብተው ከወጡ ውስጥ ግማሽ ግማሹን አስጠለቁት። እኔ እንኳ ከአጠገቡ ሆኜ ሲሠራ እያየሁ የዶሮ ወጥ መስሎኝ አፌ ውሃ ሞላ። በጾም መሆኑን ያስታወስሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሸምሱ ወጡ እንፋሎቱ ሳያልቅ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አነሣው። መሶቡ፣ የጥሩነሽ ድፎ ዳቦ፣ በግንባር የሚታሰረው ቄጠማ፣ በመካከላቸው በእጅ የተሠራው ካርድ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ከሁሉ አጥብቄ የማስታውሰው። ያ ክፍል ለዓመታት አብሮ ሠርቷል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግን ገበታው ሁለት ነበር። ሥጋ ስለሆነ ክርስቲያኖቹ ለብቻ፣ ሙስሊሞቹ ለብቻ ይበላሉ፤ ማንም በዚያ አይቀየምም፤ ወግ ነው። ይህ ዶሮ ግን ለማንም የተከለከለ አልነበረም። ወይዘሮ ዘይነብ ጥሩነሽ የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቁ ማንም እንዳይነካ ከለከሉ። ሸምሱ ወጡ ሲቀዘቅዝ እየተመለከተ አጉረመረመ፤ አልሰሙትም። ሰዓቱ ሲደርስ ካርቶን አጥንቱን እየነቀሉ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ጥሩነሽ ጎብጧል ያለችውን ፈረሰኛ ጠቅልላ ለሸምሱ አጎረሰችው።

ሸምሱ ዋጠና፣ «የክርስቲያን ዶሮ ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

«የማን ክርስቲያን?» አለችው። «ቅርጹን ያወጡት እትዬ ዘይነብ ናቸው።»

ወይዘሮ ዘይነብ፣ «ዶሮው ምንም አላለ፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ብሉ» አሉ።

የድርጅቱ ኃላፊ በሳምንቱ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው የታረመ ሰው ነበሩ። ናሙናውን አንሥተው ፊታቸው በራ። የገበታውን አቀራረብ አደነቁ፤ ወጡን ማን እንደሠራው ጠየቁ። ከዚያም ለጨዋታ ያህል፣ በሁዳዴ ይህን ሁሉ ዶሮ ማን በላው አሉ። አቶ ወልዴ ፈጠን ብለው ፎቶግራፉ የተነሣው በጥር መሆኑን መናገር ጀመሩ።

«አይደለም ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። «ያነሣነው ባለፈው ሳምንት ነው። ዶሮው ሽምብራ ነው። እንቁላሉም ድንች ነው።»

ጥሩነሽ የያዘችውን ወረቀት ቀስ ብላ አስቀመጠች። ኃላፊው መነጽራቸውን አውጥተው ናሙናውን እንደገና ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«ስለዚህ ለደንበኞቻችን ለፋሲካ ሽምብራ ልንልክላቸው ነው?»

«የምትልኩላቸው ካርድ ነው። ሥዕሉን የሚበላው የለም። ሰው በእጁ የሚይዘው ወረቀቱን ነው። የሚደርስዎ ወረቀት ደግሞ አሁን የያዙት ራሱ ነው፤ ከዚህ አይሳሳም።»

ኃላፊው ወረቀቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። ለአለቆቻቸው እንደሚያቀርቡ ተናግረው ተሰናበቱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

አቶ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክፍሉን በአፍዎ ዘጉት አሏቸው። ወይዘሮ ዘይነብ አልተቆጡም። «ናሙና ቃል ነው አቶ ወልዴ» አሉ። «ሰውየው ስለ ቃሉ ሲጠይቀን ካጠፍነው፣ ማሽኑ ቢኖርስ የምናትመው ምኑን ነው?» ጥሩነሽ አንድም ነገር አልተናገረችም። ወይዘሮ ዘይነብን የጎዳቸው ይህ ዝምታ እንደሆነ በኋላ ነግረውኛል። እውነቱን መናገሩን ተናገሩት፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ሌላ ሴት ነበረች። ይህን ስላወቁ አልተኙም። በሚቀጥሉት ቀናት ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ነጠላቸውን ተከናንበው ይወጡ ነበር። የት እንደሚሄዱ የደረስሁበት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ እንዲህ ያለች የወረቀት ባለሙያ አውቃለሁ፣ ውሰዳት እያሉ የሚለምኑት አንዲት እናት እንዳሉ ሲያጫውተኝ ነው። ለራሳቸው ሥራ መጠየቃቸውን ስጠይቀው አላነሡትም አለኝ።

ኃላፊው የተመለሱት ትእዛዛችን ሌላ ዘንድ ሄዷል ብለን ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። ሰው አልላኩም፤ ራሳቸው መጡ። ያለፈው ዓመት አታሚ በደረቅ ወረቀት የተሠራ ናሙና አሳይቷቸው፣ ያስረከባቸው ግን በእጅ ሲይዙት የሚጠቀለል ስስ ወረቀት እንደ ነበር፣ በዚህም ከአለቆቻቸው ጋር መጣላታቸውን አስረዱ። «ስለ ድንቹ ያልዋሸኝ ሰው ስለ ወረቀቱ አይዋሸኝም ብዬ ነው» አሉ። አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፤ የታተመውን ከናሙናው ጋር አስተያይተው የሚያስረክቡት ወይዘሮ ዘይነብ እንዲሆኑ። ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ ነበር፤ ወይዘሮ ዘይነብ የሽንኩርት ሥራ አለቀ ብለናት ነበር እንዴ ብለው አሾፉባትና ወረቀቱን አቀበሏት።

ያ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ክፍሉ ብዙ ዓመት ኖረ። ሰፈራችን ሲፈርስ መደብሩ ወደ ሰንጋ ተራ፣ ወደ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ተዛወረ፤ ወይዘሮ ዘይነብም ከጠመንጃ ያዥ ተነሥተው ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚዋሱበት ጎረቤት በአንድ ግቢ አልነበረምና፣ በታክሲ እየዞሩ ከድሮ ሰዎቻቸው መሶብ ሲዋሱ አግኝቻቸው አውቃለሁ። አቶ ወልዴ ሲደክሙ ሥራውን ለልጃቸው ለሚኪያስ አስረከቡ። ሚኪያስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ዘመኑ ሌላ ነው። ሥዕል ሁሉ ከኢንተርኔት ተዘጋጅቶ እየተገኘ፣ ሣር ጎዝጉዞ ገበታ ማሰናዳት ለምን እንደሚያስፈልግ አልታየውም። ዘንድሮ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ለመዝጋት እያሰበ መሆኑን ለጥሩነሽ ነገራት። ወይዘሮ ዘይነብ በዚያን ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ ሕመማቸው ሊያወሩ አልፈለጉም። ዘንድሮ እንቁጣጣሽና አረፋ ተከታትለው እንደሚውሉ፣ ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ሳምንት መሰናዳት እንዳለባቸው፣ ማን እየሠራው እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኋቸው። ሚኪያስ ገና እንዳልወሰነም አልሸሸግኋቸውም። «ሲወሰን ይንገሩኝ ጋሼ» አሉ። «ታማለች ብለው አያሳምሩልኝ። እንዳለ ይንገሩኝ።»

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሚኪያስ መጣ። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሲሰናበት ጥሩነሽን ወደ በሩ ጠርቶ አናገራት፤ እኔም አጠገባቸው ነበርሁና ሰማሁ። የእንቁጣጣሹን ሥዕል ከኢንተርኔት ወስዶ ለደንበኛ አቅርቦት ኖሯል። ደንበኛውም ቢጫው አበባ የእኛ አገር አበባ አይደለም ብሎ መለሰለት። ሌላ ሥዕል አቀረበ፤ እሱም ተመለሰ። ምን እንዳሰበ ጥሩነሽ ስትጠይቀው፣ ክፍሉን እንደማይዘጋው፣ ኃላፊነቱን ለእሷ እንደሰጣት፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱንም ናሙና እንድትጀምር ነገራት።

ወይዘሮ ዘይነብ፣ እንዳለ እንድነግርዎ አዝዘውኝ ነበር፤ እነሆ እንዳለ እነግርዎታለሁ። ክፍሉ አልተዘጋም። ጥሩነሽ በእርስዎ ወንበር ተቀምጣለች፤ ወንበሩ ከፍ ብሎባት እግሯ በደንብ መሬት አይነካም፤ ሸምሱ ይስቅባታል። ደመወዟ ተጨምሮላት እንደሆነ እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። ይጨመራል ተብሏል፤ ገና አልተጨመረም፤ እከታተላለሁ። ትንሿ ልጇ ኮሌጅ ገብታለች። የእንቁጣጣሹ ናሙና ትናንት ተነሣ፤ አየሁት፤ ጥሩ ነው፤ ሣሩ በአንድ ወገን በዝቷል፤ ነግሬያታለሁ። የአረፋው ገና ነው፤ ለእሱ የሚሆን ትሪ የሚያውሳት ቤት ፈልጋ ልጅዎን ጠየቀቻት፤ ልጅዎም የእርስዎን ሰጠቻት።

ይህን ወሬ ይዤ የመጣሁት ዘግይቼ ነው። ጥቂት ቀን ቢቆዩን ኖሮ አልጋዎ አጠገብ ተቀምጬ እነግርዎ ነበር፤ እርስዎም ሣሩን በተመለከተ ከጥሩነሽ ጋር ወግነው በተከራከሩኝ። አልሆነም። በእኔ ሃይማኖት ነፍስ ይማር እንላለን፤ በእርስዎ እንደሚባለው ደግሞ አላህ ጀነትን ይስጥዎ። ሲጨነቁላት የኖሩት ሴት ሥራዋ ላይ ናት። በሰላም ይረፉ፣ እመቤቴ።